ቻይናን ሳያዩ ያነበቡ፣ ሳያነቡ ያዩ

በሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወደ አንድ ተራ ሱቅ የገባ ሰው መደርደሪያው ላይ ቻይናን ያገኛል። ቻርጀሩ፣ የእጅ ባትሪው፣ ፔርሙሱ፣ የሕፃናት ጫማው፣ አብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው። ደጅ የቆመው ባጃጅ የሕንድ ቢሆንም ሹፌሩ ዘፈን የሚሰማበት ስልክ የቻይና ነው። የከተማዋን ስም ከውጭ ባለሀብቶች ጆሮ ያደረሰው የኢንዱስትሪ ፓርክም በቻይና ኩባንያ እጅ የተሠራ ነው። ሲሲኢሲሲ የተባለው ድርጅት የፋብሪካ ሼዶችን በዘጠኝ ወር ገደማ አቁሞ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ።

ለባለሱቁም፣ ለፓርኩ ሠራተኛም፣ ፓርኩን ሊጎበኝ ለሚመጣው ባለሥልጣንም አንድ ጥያቄ ቢቀርብ መልሱ ተመሳሳይ ይሆናል፦ የአንድ ቻይናዊ ደራሲ ስም ጥሩ። ብሩስ ሊ እና ጃኪ ቻን ቶሎ አፍ ላይ ይመጣሉ። ማኦ ይከተላል፤ የተማረ ከሆነ ኮንፊሺየስን ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ዝምታ ነው።

መንገዱን የሠራ፣ ባቡሩን የዘረጋ፣ ፋብሪካውን የገነባ፣ ብድሩን የሰጠ ሕዝብ ምን እንዳሳለፈ፣ ምን እንደጻፈ፣ በምን እንዳለቀሰ አለማወቅ ትንሽ ነገር ይመስላል። ትንሽ ግን አይደለም። ኢትዮጵያ ከቻይና የምትወስደው ዕቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዋጋውንና ጥራቱን ማወቅ በበቃ ነበር። የምትወስደው ግን ሐሳብና አሠራርም ጭምር ነው፤ ከወሰደችም ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ትውልድ ቻይናን ሳያይ አነበበ፤ ሌላው ደግሞ ሳያነብ እያየ ነው። ለሁለቱም ጉድለት ዋጋ የምትከፍለው ሀገሪቱ ናት።

ሳያዩ ያነበቡት

የመጀመሪያው ትውልድ የ1960ዎቹ ተማሪ ነው። ያ ትውልድ የማኦን ቀይ መጽሐፍ በኪሱ ይዞ ዞሯል። «ሂስና ግለ ሂስ»፣ «የተራዘመ የሕዝብ ጦርነት»፣ «ከተማን ከገጠር መክበብ» የመሳሰሉት አነጋገሮች ወደ ኢትዮጵያ ፖለቲካ ሲገቡ አንዱ ትልቅ በር የቻይና አብዮት ነበር። አንዳንዶቹ ቃላት ጫካ ገብተው፣ ከጫካ ወደ ቤተ መንግሥት ተሻግረው፣ በኋላም «ግምገማ» በሚል ስም እስከ ቀበሌ ስብሰባ ድረስ ወርደዋል።

ያ ትውልድ ያነበበው ግን ቻይና ስለራሷ የጻፈችውን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1962 ድረስ «ታላቁ የእመርታ ጉዞ» በተባለው ዘመቻ ምክንያት ቻይና በታሪክ ከተመዘገቡት ረሃቦች ሁሉ የከፋውን አስተናግዳለች። የሟቾቹ ቁጥር ግምት ከ15 ሚሊዮን እስከ 45 ሚሊዮን ይደርሳል። የረሃቡ አንዱ ትልቅ ምክንያት የሐሰት ሪፖርት ነበር። የወረዳው ካድሬ አለቃውን ለማስደሰት ምርቱን እጥፍ አድርጎ ይጽፋል፤ አለቃው ለበላዩ ሌላ እጥፍ ይጨምርበታል፤ መንግሥት ድርሻውን የሚወስደው በወረቀት ላይ ካለው ምርት ነውና ገበሬው ጎተራ ውስጥ ያለችው እህል ሁሉ ተጠርጋ ትሄዳለች። ሪፖርቱ ሲያብጥ ገበሬው ከሳ።

ነገሩን መራራ የሚያደርገው የጊዜው መገጣጠም ነው። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ ከተደበቀበት አውጥተው በፎቶግራፍ ለሕዝብ ያሳዩት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ነበሩ። ማኦን እየጠቀሰ የሚከራከረውም ይኸው ግቢ ነበር። በሀገር ውስጥ የተደበቀ ረሃብ ያጋለጠ ትውልድ አርአያ ያደረገው መሪ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ረሃብ እንደደበቀ አላወቀም። ለወቀሳ አይመችም፤ በዚያን ጊዜ በዓለምም ቢሆን መረጃው ጥቂት ነበር። ለትምህርት ግን ይመቻል። አንድን ሀገር በመፈክሩ ብቻ ያነበበ ሰው በፎቶ ስቱዲዮ መጋረጃ ፊት ቆሞ ፎቶ እንደተነሳ ሰው ነው፤ መጋረጃው ላይ ያለው ፏፏቴ ውኃ የለውም።

ሳያነቡ የሚያዩት

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1971 ቤጂንግ ሄደው ማኦን ሲያገኙ ቻይናን ማየት የንጉሥ ዕድል ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራውን እ.ኤ.አ. በ1973 ጀመረ፤ ከአፍሪካ አየር መንገዶችም የመጀመሪያው ሆነ። ዛሬ ነጋዴው ወደ ጓንዡ፣ ተማሪው ወደ ቤጂንግ፣ ለሥልጠና የተላከው ኃላፊ ወደ ሻንጋይ ይበራል። ጓንዡ ለመርካቶ ነጋዴ ከብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ይልቅ የታወቀች ናት፤ የሐዋሳ ነጋዴም መንገዱን ከጠፋበት ቆይቷል ማለት አይቻልም።

ሲመለሱስ ምን ያመጣሉ? ነጋዴው ኮንቴይነር ያመጣል፤ ተገቢ ነው፤ የሄደው ለዚያ ነው። ተማሪው ዲግሪ ያመጣል። ኃላፊው ሰርተፊኬትና በፈጣን ባቡር ውስጥ የተነሳው ፎቶ ያመጣል፤ በሚቀጥለው ስብሰባም «ቻይናዎች እኮ በሠላሳ ዓመት ውስጥ…» ብሎ ንግግር ይጀምራል። ሠላሳው ዓመት ውስጥ ምን እንደነበረ፣ ከሠላሳው ዓመት በፊትስ ምን እንዳለፈ የሚነግር ግን ብዙ አይገኝም።

ኢትዮጵያ ከዚህ የተሻለ ልማድ ነበራት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመንግሥት ተልከው ጃፓን ሄዱ። ሲመለሱ ያዩትን ለሀገራቸው ሰው በመጽሐፍ አስረከቡ፤ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ይባላል። መልእክተኛ ነበሩ፤ ፕሮቶኮልም ግብዣም ነበረባቸው፤ ግን ጉዞው በሕዝብ ገንዘብ የተደረገ ስለሆነ ዕውቀቱም የሕዝብ መሆን እንዳለበት ገባቸው። ኅሩይም ቢሆኑ የጃፓንን ብርሃን እንጂ ጥላዋን እምብዛም አላዩም። መጽሐፉ በታተመ በአምስት ዓመት ውስጥ ያቺው ጃፓን የጣሊያንን የኢትዮጵያ ወረራ በይፋ ዕውቅና ሰጠች። ሆኖም መጽሐፍ ስላለ ዛሬ መከራከር ይቻላል፤ ኅሩይ የቱ ጋ እንዳስተዋሉ፣ የቱ ጋ እንደተሸወዱ ማየት ይቻላል። ከስልክ ውስጥ ፎቶ ጋር ግን ማን ይከራከራል?

በነጋዴው መንገድ ላይ ያሉ ሰዎች

ከዚህ ሁሉ የሚያስቆጨው የቻይና የሥነ ጽሑፍ ሀብት ከኢትዮጵያውያን መንገድ ርቆ አለመገኘቱ ነው። ሻንጣቸውን እየጎተቱ አልፈውት ነው የሚሄዱት።

ዪዉ የምትባለው የጅምላ ገበያ ከተማ ለአዲስ አበባም ለሐዋሳም ነጋዴ ትታወቃለች። ዪዉ ባለችበት በዚያው በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ሻኦሺንግ የምትባል የቦይና የድልድይ ከተማ አለች። የዘመናዊው የቻይና ሥነ ጽሑፍ አባት ሉ ሹን እ.ኤ.አ. በ1881 የተወለደው እዚያ ነው፤ ቤቱ ሙዚየም ሆኗል። ሉ ሹን ጃፓን ሄዶ ሕክምና ይማር ነበር። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ በታየ የጦርነት ፎቶግራፍ አንድ ቻይናዊ ሊገደል ሲል የገዛ ወገኖቹ ከብበው ቆመው እንደ ትርዒት ሲመለከቱ አየ። ሕክምናውን ትቶ ብዕር አነሳ፤ ሥጋን ከማከም በፊት የሚታከም ሌላ ነገር እንዳለ ተሰማው። ተሰብስቦ የሰው ስቃይ መመልከት፣ ዛሬ ደግሞ በስልክ ቀርጾ መልቀቅ፣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዕድ ነገር ነው?

ሉ ሹን እ.ኤ.አ. በ1919 ባሳተመው አንድ አጭር ታሪክ ውስጥ ፈተና ማለፍ ያቃተው ደሃ ምሁር አለ። ኮንግ ዪጂ ይባላል። መጠጥ ቤት እየመጣ የላይኛው መደብ ሰዎች የሚለብሱትን ረጅም ልብስ ሳያወልቅ ከሠራተኞች ጋር ቆሞ ይጠጣል፤ የድሮ ቃላት ያበዛል፤ መጽሐፍ ሰርቆ ሲያዝ የመጽሐፍ ስርቆት ስርቆት እንዳልሆነ ይከራከራል፤ ሁሉም ይስቅበታል። በመጨረሻ እግሩ ተሰብሮ፣ ዕዳው ሰሌዳ ላይ እንደተጻፈ፣ ከሰው ዓይን ይጠፋል። ይህ ሰው በቆብና በረጅም ካባ ፈንታ ነጠላ ቢለብስ ጠጅ ቤት የሚገኝ ደብተራ ነው። ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣ የዛሬ ወጣትም ሊሆን ይችላል። ታሪኩ በጥቂት ገጾች ያልቃል፤ ከዪዉ ወደ ሻኦሺንግ ያለውን መንገድ በባቡር የሚጓዝ ሰው ሳይደርስ ሊጨርሰው ይችላል።

ቼንግዱም እንዲሁ ናት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይበርባታል። ገጣሚው ዱ ፉ በስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከእርስ በርስ ጦርነት ሸሽቶ የተጠለለባት ከተማ ናት፤ የሣር ጎጆው ቦታ እስከ ዛሬ ይጎበኛል። ታንግ በተባለው ሥርወ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ755 የተነሳው የአን ሉሻን ዐመፅ ቻይናን ሲያምስ ዱ ፉ የጻፈው ስለ ጀግኖች ድል ብቻ አልነበረም። በአንዱ ግጥሙ ወታደር ፍለጋ በሌሊት መንደር የገቡ አፋሾች ይታያሉ። ሽማግሌው አጥር ዘሎ ያመልጣል፤ ሚስቲቱ ሁለት ልጆቿ በጦርነት እንደሞቱ እያለቀሰች ትናገራለች፤ በመጨረሻ ለሠራዊቱ ምግብ ላብስል ብላ ራሷ ትሄዳለች። ገጣሚው በዚያች ሌሊት ቤቱ ውስጥ ያደረ መንገደኛ ነው፤ ሲነጋ የሚሰናበተው ሽማግሌውን ብቻ ነው። ላለፉት ዓመታት በጦርነት ውስጥ ላለፈች ሀገር ከዚህ የቀረበ ግጥም ከየት ይመጣል? 1,200 ዓመት ያለፈው አይመስልም።

ሼዱና ከሼዱ በፊት የነበረው

ወደ ሐዋሳ ሲመለሱ ጉዳዩ የሥነ ጽሑፍ ፍቅር ብቻ አለመሆኑ ይታያል።

የኢንዱስትሪ ፓርክ ሐሳብ ሲነሳ ሼንዘን ትጠቀሳለች፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና ሆና በአንድ ትውልድ ዕድሜ ግዙፍ ከተማ የሆነችው። ሼንዘንን ያየ ሰው ፎቁን ያያል። የቻይናን የቅርብ ታሪክ ያነበበ ሰው ግን የለውጡ አንዱ ጅማሬ ፎቅ የሌለበት እንደነበር ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1978 በአንሁይ ክፍለ ሀገር ሻዎጋንግ በምትባል ደሃ መንደር 18 ገበሬዎች በምስጢር ተፈራረሙ፤ የጋራውን መሬት በየቤተሰቡ ሊያርሱ፣ ለመንግሥት የሚገባውን ድርሻ ሰጥተው ትርፉን ሊወስዱ። ቢታሰሩ አንዱ የሌላውን ልጅ እንዲያሳድግ ጭምር ተማማሉ። ምርቱ አደገ፤ አሠራሩ በኋላ በመላ ቻይና ተፈቀደ። ፋብሪካው እየሰፋ የሄደው ከጠገበ ገጠር ጎን ነው። ከቻይና ልምድ ሼዱ ብቻ ሲወሰድ ከሼዱ በፊት የነበረው ገበሬ ይቀራል።

በሐዋሳ የሆነው ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከሲዳማ ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ፓርኩ ውስጥ ተቀጠሩ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደሆነ ገለጸ፤ በዓለም ካሉ ልብስ አምራች ሀገራት ዝቅተኛው ነው አለ። በቤት ኪራይና በቀለብ መካከል የተጨነቁ ልጆች ለጥቂት ወራት ሠርተው ይለቁ ነበር። ባለሥልጣናትና አሠሪዎች በጊዜው «የሥራ ባህል ችግር» የሚል ስም ሰጡት። ከዚያ በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ተጠቃሚነት አገደች፤ ትልቁ የፓርኩ ባለሀብት ፒቪኤችም ለቆ ወጣ። ሺዎች ሥራቸውን አጡ።

ያ «የሥራ ባህል ችግር» የተባለው ነገር በቻይና ሠራተኞች ከዓመታት በፊት ተጽፏል። ዤንግ ሻዎቺዮንግ ከሲቹዋን ገጠር ተነስታ እ.ኤ.አ. በ2001 ዶንግጓን በምትባል የፋብሪካ ከተማ ገብታ የተቀጠረች ወጣት ናት። በብረታ ብረት ፋብሪካ እየሠራች ግጥም ጻፈች፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ታዋቂው «የሕዝብ ሥነ ጽሑፍ» መጽሔት ሸለማት። ሽልማቱን ስትቀበል ያነሳችው በአካባቢው ፋብሪካዎች በየዓመቱ ስለሚቆረጡት የሠራተኞች ጣቶች ነበር። ሹ ሊዢ ደግሞ ሼንዘን ውስጥ በፎክስኮን የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ መስመር ላይ ቆሞ የሠራ ገጣሚ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በ24 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። ከእነዚህ ሰዎች በስተጀርባ ሁኮው የሚባል የነዋሪነት ምዝገባ አለ። የገጠር ሁኮው ያለው ሠራተኛ ከተማ ውስጥ ዓመታት ቢሠራም ልጁን በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤት ለማስገባት ይቸገራል። የቀበሌ መታወቂያ ፍለጋ ደጅ የጠና ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ልጆች ከአያት ጋር ገጠር ቀርተው አድገዋል።

እነዚህን የሠራተኛ ግጥሞች ያነበበ የፓርክ ኃላፊ ልጅቷ ለምን በሦስተኛው ወር ጥላ እንደሄደች ለማወቅ ጥናት እስኪመጣ አይጠብቅም ነበር። ሳሩን ዐይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

አስጎብኚው የማያሳየው

እዚህ ላይ ተገቢ የሆነ መከራከሪያ ይነሳል። ነጋዴው ሆቴል የሚከፍለው በቀን ቆጥሮ ነው፤ ቪዛው አጭር፣ ቋንቋው ባዳ፣ ዶላሩ ውድ ነው። ሙዚየም መጎብኘት የጠገበ ሰው ነገር ነው ይባላል። ለነጋዴው እውነት ነው፤ ማንም ሊወቅሰው አይችልም። በመንግሥት ወይም በአስተናጋጁ ወጪ የሚሄደው ኃላፊ፣ ጋዜጠኛና የነፃ ትምህርት ዕድል ያገኘው ተማሪ ግን ይህ ምክንያት የላቸውም።

እነርሱም ያለ ንባብ ከሄዱ የሚያዩት የተመረጠውን ነው። ቤጂንግ በቲያናንመን አደባባይ ጎን ባለው ብሔራዊ ሙዚየም ስለ ሀገሪቱ ትንሣኤ የቆመው ትልቅ ዐውደ ርእይ ስለዚያ ረሃብና ስለ ባህል አብዮቱ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። የዢንዋ ጋዜጠኛ የነበረው ያንግ ጂሸንግ አባቱ በረሃቡ ሞተውበታል። ዓመታት ማኅደር አገላብጦ የረሃቡን ታሪክ ጻፈ፤ «የመቃብር ድንጋይ» ብሎ ሰየመው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ግን ሆንግ ኮንግ ነው፤ በዋናው ቻይና ታግዷል። ላኦ ሸ «ሻይ ቤት» የተሰኘውን ታላቅ ተውኔት የጻፈ ደራሲ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1966 ቀይ ዘቦች ደብድበው አዋርደውት ብዙም ሳይቆይ ቤጂንግ ውስጥ ከሐይቅ ሞቶ ተገኘ። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን አሳትሞ በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ የቀረባት ሀገር ልጅ የላኦ ሸን ታሪክ ሲሰማ ዘመድ እንደሞተበት ይሰማዋል።

ይህን ማወቅ ቻይናን ለመጥላት አይደለም። ሀገሪቱ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ከድህነት ማውጣቷ የማይካድ ሐቅ ነው። ግን ያንግ ጂሸንግም፣ ላኦ ሸም፣ ዤንግ ሻዎቺዮንግም ቻይናውያን ናቸው። ኢትዮጵያዊ ስለ ቻይና እውነቱን ለማወቅ የምዕራባውያንን ወቀሳ መዋስ አያስፈልገውም፤ ቻይናውያን ራሳቸው ጽፈውታል።

ምን ይደረግ?

በመንግሥት ገንዘብ ወይም ስም ቻይና ደርሶ የተመለሰ ሁሉ ያየውን ለሕዝብ በሚደርስ ጽሑፍ እንዲያቀርብ ማድረግ ከባድ አይደለም፤ ኅሩይ ከዘጠና ዓመት በፊት አድርገውታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቻይንኛ ቋንቋ በዲግሪ ያስተምራል፤ ከዚያ የሚወጡ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ የሚጠበቁት በግንባታ ቦታና በፋብሪካ አስተርጓሚነት ነው። ከእነርሱ ጥቂቶቹ የሉ ሹንን አጫጭር ታሪኮች ከቻይንኛ በቀጥታ ወደ አማርኛ፣ ወደ ሲዳምኛ፣ ወደ አፋን ኦሮሞ ቢመልሱ ዋጋው ከአንድ የባለሥልጣን ቡድን የአውሮፕላን ትኬት አይበልጥም። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም ፓርኩ ደጁ ላይ እያለ የዶንግጓንን ሴቶችና የሐዋሳን ሴቶች ጎን ለጎን የሚያነብ አንድ ኮርስ ቢከፍት የሚያጣው ነገር የለም።

የሐዋሳ ሠራተኞች ታሪክም በአማርኛና በሲዳምኛ ሊጻፍ ይገባል። በዱከም ያለውን በቻይናውያን የተገነባ «ምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን» የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2024 ለዓለም ቀርቧል፤ ካዘጋጁት ሁለት ሰዎች አንዷ ቻይናዊት ናት። ቻይናዊቷ ኢትዮጵያ ድረስ መጥታ አይታ፣ ጠይቃ፣ ሥራዋን ይዛ ተመልሳለች። ከኢትዮጵያ ወደዚያ የሚሄደውም ከዕቃው ጋር አንድ ደብተር ቢይዝ ጉምሩክ አይጠይቀውም።